ግራው የኋላ ነው

ብስክሌት ጠጋኙ ግራኝ ነው። ይህ አስቀድሞ ይታወቅ፤ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። ፒንሳውን በግራው ይይዛል፣ ብሎን በግራው ያጠብቃል፣ ሰው ሰላም ሲል ግራውን ይዘረጋና መንገድ ላይ ትዝ ሲለው በቀኙ ይተካዋል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ማንም ጉዳዬ አይለውም ነበር። ግን ሰውየው ቤቱን ከወለሉ እስከ ጣሪያው በገዛ እጁ ያደሰ ነው፤ ስለዚህ ቤቱም ግራኝ ሆኖ ቀረ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሙቅ ውሃ የሚያወርደው ሌላ ሰው ቤት ቀዝቃዛው በሚወርድበት በኩል ነው። የጓዳው በርም ሰው በለመደው አቅጣጫ አይከፈትም። እንግዳ እጁን ሊታጠብ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ ከቤተሰቡ አንዱ የያዘውን ሥራ ሳያቋርጥ «ሙቁ በቀኝ ነው» ይለዋል። ይህን ሳይሰማ እጁን የከተተ እንግዳ ጩኸቱ ለጎረቤት ይተርፋል።

ብስክሌቶቹም እንደዚያው ናቸው። የሌላ ሰው ብስክሌት ላይ የግራው የፍሬን እጀታ የፊቱን ጎማ ይይዛል፣ የቀኙ የኋላውን። ጠጋኙ ግን ቁልቁለት ላይ አብዝቶ የሚፈልገው የኋላውን ፍሬን ስለሆነ እሱን ለጠንካራው እጁ ሰጠና ገመዶቹን አቀያየራቸው። የራሱን ሲቀይር የሚስቱንም ቀየረ። ልጃቸው መንዳት ስትጀምር የእሷንም። እናትና ልጅ ቀኛቸውን የሚጠቀሙ ሰዎች ናቸው፤ ግን የተማሩት በእሱ ብስክሌት ነውና እጃቸው የእሱን እጅ ለመደ። የኋላውን ፍሬን ጭምቅ ቢያደርጉት ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ሰው አይጥልም። የፊቱን ቁልቁለት ላይ በድንገት የጨመቀ ግን ብስክሌቱ ቀጥ ይልና እሱ ጉዞውን ይቀጥላል። ስለዚህ ጠጋኙ ከቤቱ ብስክሌት ለማንም ሲያውስ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ «ግራው የኋላ ነው» ሳይል ከእጁ አይለቀውም። ከእንቅልፍህ ብትቀሰቀስ እንኳ መጀመሪያ የምትለው ይህንን ነው እያለች ሚስቱ ትቀልድበታለች።

ሚስቱ ነርስ ናት፤ በሰፈሩ ክሊኒክ ቁስል የምታጥበውና የምታሽገው እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቡ ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ ይወጣና በድንጋያማው የእግር መንገድ በብስክሌት ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁል ከተወረደ መውደቅ አይቀርም። ነርሷ በመውደቅ አትቆጣም፤ ግን አንድ የማይታጠፍ ሕግ አላት። የወደቀ ሰው እንዴት እንደወደቀ ሳይናገር ቁስሉ አይታሸግም። ይህን ሕግ ያወጣችው ከሥራዋ ነው፤ የወደቀበትን የሚደብቅ ሰው የተመታበትንም ይደብቃል ትላለች። ሰውየው ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል፣ ጥጡ አዮዲን ይነከራል፣ ከዚያ ታሪኩ እስኪያልቅ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሲያበቃ ልጅቷ የጓዳው በር ጀርባ ላይ በማርከር ትጽፈዋለች፤ ቀኑን፣ የወደቀውን ሰው፣ የተላጠውን ቦታና ምክንያቱን። የስድስት ዓመት ጉልበትና ክርን እዚያ በር ላይ ተመዝግቦ ይገኛል።

ዘጭ የመጣው ከስምንት ወር በፊት ነው። ዘጭ ስሙ አይደለም፤ ልጅቷ ያወጣችለት ነው። የነርሷ ታናሽ ወንድም ሲሆን በሙያው መሬት ቀያሽ ነው፤ መንገድ በሚሠራ ድርጅት ተቀጥሮ መጣና ከእነሱ ሁለት ሰፈር አለፍ ብሎ ቤት ተከራየ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠጋኙ ትርፉን ብስክሌት አወጣለት፣ ኮርቻውን በቁመቱ ልክ አደረገለት፣ ግራው የኋላ ነው ብሎ ሦስት ጊዜ ነገረው። ሰውየውም ሦስት ጊዜ እሺ አለና ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ፣ ድንጋይ በሌለበት፣ ጉድጓድ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ዘጭ አለ። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ወጥ ቤት ገብቶ እንዴት እንደወደቀ ሲጠየቅ ደግሞ ጉድ ነው። ሌላው ሰው ድንጋይ ያዘኝ፣ ተንሸራተትኩ ብሎ ይጨርሳል። ዘጭ ግን ከወንበሩ ይነሳና ማጥለያውን ራሱ ላይ ደፍቶ ሄልሜት ያደርገዋል፣ መጥረጊያውን መሪ ያደርገዋል፣ ከዚያ እንደገና ይወድቃል። ጉልበቱ እየደማ ይወድቃል። እህቱ ጥጡን ይዛ ዙሪያውን ትከተለዋለች፤ ልጅቷ ሆዷን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ትደፋለች። በሩ ላይ የሌላው ሰው ውድቀት አንድ መስመር ነው፤ የዘጭ አራት መስመር ይወስዳል፣ አንዳንዴም ሥዕል አለው።

ጠጋኙ ራሱ ከወደቀ አራት ዓመት አልፎታል። ድሮ ይህ ያኮራው ነበር። ልጅቷ ከኋላው ስትወርድ ጎማዋን በጎማው ዱካ ላይ ነበር የምታስኬደው፤ እሱ በዞረበት ትዞራለች፣ እሱ ቀስ ሲል ቀስ ትላለች፣ ታች ሲደርሱ አባዬ እንዴት አወቅከው ትለዋለች። አሁን ከኋላው የለችም። ከዘጭ ኋላ ናት፣ አወዳደቁ እንዳያመልጣት። ሳይወድቅ የወረደን ሰው ደግሞ እንዴት ሳትወድቅ ቀረህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጥጥ አይነከርለትም፣ በር ላይ አይጻፍለትም፣ ስም አይወጣለትም። ሦስቱ ጠረጴዛው ዙሪያ ሲንከተከቱ እሱ በሩን ተደግፎ ላይ ላዩን ይስቃል፤ ውስጡ ግን እርር ድብን ይላል። ሰው በሰው ሀብት ይቀናል፣ በሰው መልክም ይቀናል። ይህ ሰውዬ የቀናው በሰው ቁስል ነው።

አንድ ቅዳሜ አላስችል አለው። ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ ሰው አለማየቱን አረጋግጦ፣ ሣር ያለበት ቦታ መርጦ ብስክሌቱን ቀስ አድርጎ አጋደመ። ከዚያ ጎኑ ባለው ጠጠር ላይ ክርኑን ጎተት አደረገው። ደም እንኳ በቅጡ አልወጣውም። ወጥ ቤት ተቀመጠና ሚስቱ ጥጡን ይዛ ስትጠብቀው የዛፍ ሥር ያዘኝ አለ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተነገረ የመጀመሪያው ውሸት ይህ ሳይሆን አይቀርም። የሳቀ አልነበረም። ልጅቷ «አባዬ፣ ክርን፣ ሥር» ብላ ጻፈችና ማርከሩን ከደነች። ሚስቱ ፕላስተሩን እየለጠፈች ዓይንህን ብትታይ ይሻላል አለችው። ከልቡ አይዞህ ጋሼ ያለው ዘጭ ብቻ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበውም ይህ ሆነ።

ከዚያ ዘጭ የራሱን ብስክሌት ገዛ። ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሁለት ሳምንት ሰንብቶ ሲመለስ ይዞት መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ብስክሌት ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ዘመድ እያለው፣ ይህኛው ይሻላል ወይስ ያኛው ብሎ አንዲት ቃል አላማከረም። ምናልባት ሊያስደንቃቸው ብሎ ይሆናል። ጠጋኙ ግን ስድብ አድርጎ ወሰደው። ብስክሌቱ ከፊት በኩል ሞላ አለው፤ ድንጋዩን ሲረግጥ ይውጠዋል። ፍሬኑ የጎማውን ጠርዝ ሳይሆን መካከል ላይ ያለውን የብረት ሳህን ነው የሚይዘው፤ በሁለት ጣት ነካ ሲያደርጉት ቀጥ ይላል። ጠጋኙ ዞሮ ዞሮ አየው። ካቴናውን በጥፍሩ ነካ፣ ጎማውን አንስቶ አሽከረከረ፣ እንከን ፈለገ፣ አጣ። ገመዶቹ እንደ ማንኛውም ሰው ብስክሌት መሆናቸውን ያን ጊዜ አይቷል። ግራው የፊት፣ ቀኙ የኋላ። እሱ ካላየው ማን ሊያየው ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ነርሷ ከአዳር ሥራ ስለወጣች ሽቅብ አልወጣችም፤ የመድኃኒት ቦርሳዋን ይዛ ታች መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ሦስቱ ወጡ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ አዲሱን ብስክሌት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልንዳው ብላ ዘጭን ለመነችው። ገና ሳትጨርስ ወርዶ ሰጣት።

ጠጋኙ ኮርቻውን ዝቅ ሊያደርግላት ከኪሱ የብሎን ቁልፍ አወጣ። ኮርቻዋን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ የሚያስተካክልላት እሱ ነው። በቁመት በጨመረች ቁጥር በሁለት ጣት ውፍረት ከፍ ያደርገዋል፤ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ቁልፉን ይዞ ሲጠጋ ዘጭ ኮርቻው ሥር ያለችውን ትንሽ እጀታ ላላ አደረገ፣ ኮርቻውን በእጁ ተጭኖ አወረደ፣ እጀታዋን መልሶ ዘጋ። በቃ።

«ቁልፍ አያስፈልገውም እኮ አባዬ» አለችው ልጅቷ።

ክፋት አልነበረባትም። አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አዲስ ነገር አይታ ገርሟት ነው። ጠጋኙ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ። መዳፉ ላይ የቀረውን ግራሶ ሱሪው ላይ ጠረገ። ልጅቷ ብስክሌቱ ላይ ወጣች፣ እጆቿ እጀታዎቹ ላይ አረፉ። ዓረፍተ ነገሩ ያኔ መጣ። ለማያውቀው ደንበኛ፣ ለጎረቤት፣ ለራሱ ለዘጭ ሲለው የኖረው ነገር ነው፤ መገልበጥ ብቻ ነበር የቀረው። ጉሮሮው ላይ ደረሰ። ልጅቷ ዘጭን ቀና ብላ አይታ ሳቀች። ጠጋኙም አፉን ዘጋ።

እንድትጎዳ አልፈለገም። ይህንን በኋላ ለራሱ ደጋግሞ ቢለውም እውነት ነው። ያሰበው እንዲህ ነበር። መጀመሪያው ሜዳ ነው፤ ሜዳው ላይ ፍሬኑን ስትሞክረው ያንገጫግጫታል፣ ትደነግጣለች፣ ይሄ ለእኔ አይሆንም ብላ ትወርዳለች። ወደ ራሷ ብስክሌት ትመለሳለች፣ ወደ አባቷም ዱካ። የፈለገው ይህንን ያህል ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ልጅቷ ግን ሜዳው ላይ ፍሬን አልነካችም። ምን አስነካት፣ ብስክሌቱ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። የመጀመሪያውን እጥፋት ፍሬን ሳትይዝ ዞረችው። ዘጭ ከላይ ሆኖ አጨበጨበ። ጠጋኙ ያጣመረውን እጁን ፈታ፤ ሁለተኛው እጥፋት ላይ ምን እንደምታደርግ ያውቃል፣ ያስተማራት እሱ ነው። እዚያ መንገዱ ጠጠር ነው፣ ይጠባል። ግራውን ጥርቅም አድርጋ ይዛ የኋላውን ጎማ እያንሸራተተች ትዞራለች። አፉን ከፈተ። ስሟን መጥራት ብቻ ነው የቻለው፣ ያውም ነፋሱ ወሰደው።

ብስክሌቱ ቆመ። ልጅቷ አልቆመችም።

ጠጋኙ በመንገዱ አልወረደም። ብስክሌቱን ጥሎ በቁጥቋጦው መሃል፣ በእሾሁ፣ በድሮው የሽቦ አጥር ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ሮጠ። ሽቦው የግራ መዳፉን ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ሲቀደው አልተሰማውም። ሲደርስ ልጅቷ ተነስታ ተቀምጣለች። አገጯ ተሰንጥቆ ደሙ ሸሚዟ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሁለቱም መዳፏ ተልጧል፤ ቀኝ አንጓዋን በግራዋ ይዛለች። የሄልሜቷ ጫፍ ተሰብሯል። መጀመሪያ የጠየቀችው ብስክሌቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ነው። የጠየቀችውም ከኋላ ሲሮጥ የደረሰውን ዘጭን ነው።

ነርሷ ከታች ስትሮጥ መጣች። የልጅቷን ዓይን አየች፣ አንገቷን ዳበሰች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አስነቀነቀቻት። የተሰበረ የለም። አንጓው የወለቀ ሳይሆን ሊወልቅ አስቦ የተመለሰ ነው አለች። ይህን ካለች በኋላ ወደ ወንድሟ ዞረች። ልጄን ምን ላይ ነው ያወጣኸው፣ ሁሉ ነገር ላንተ ጨዋታ ነው ወይ፣ መች ነው የምታድገው አለችው። ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣው ዘጭ ያን ቀን ቀልድ አጣ። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ነው እያለ የሄልሜቱን ስባሪ ከመሬት ለቀመ።

ጠጋኙ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። እዚህ ላይ መደበቅ አይገባም፤ ዘጭ ሲሰደብ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ደግሞ ልጅቷ ብርድ እንደመታው ሰው ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሰማና ያ ደስታ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

ቤት ሲደርሱ ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። እናትየው አዮዲኑን አወጣች፣ ጥጡን ነከረች፣ ያዘችው። ዛሬም ሕጉ ሕግ ነው።

«ሜዳውን ጥሩ ሄድኩ» አለች ልጅቷ። አገጯን እያመማት ከንፈሯን ብዙ ሳታንቀሳቅስ ነው የምታወራው። «ሁለተኛው እጥፋት ላይ ሁሌ እንደማደርገው ግራውን ያዝኩ። ሁሌ የምይዘውን ነው የያዝኩት፤ እሱ ግን ወረወረኝ። ደንግጬ ተሳስቼ ይሆናል።»

ዘጭ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ግንባሩን በመዳፉ መታ። የእናንተ ግራው የኋላ ነው፣ የኔ የፊት ነው፣ እንዴት ይሄንን እረሳለሁ አለ። ስምንት ወር ሙሉ በጠጋኙ ብስክሌት ሲወድቅ ከርሞ፣ በራሱ ከወጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ እንደሆነ ተናገረ፤ ሰበብ ሳይሆን ራሱን ሲወቅስ ነው። ከዚያ ጠጋኙን አይቶ አዘነለት።

«ጋሼም እኮ አላስታወሰውም» አለ። «ሁላችንም ረሳነው።»

መውጫው ወለል ብሎ ተከፈተለት። አዎ ረሳነው ማለት ብቻ ነው። ምንም ባይልም ይበቃል፣ ዝም ማለትን እንደሆነ ዛሬ ተክኖበታል። ሚስቱ ልጅቷን አጥባ፣ የአገጯን ስንጥቅ በሦስት ቀጫጭን ፕላስተር ገጥማ፣ አንጓዋን በፋሻ ጠቅልላ ጨረሰች። ቀና ስትል የባሏን እጅ አየች። ደሙ በጣቶቹ መሃል ወርዶ ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል።

ና ተቀመጥ አለችው። ተቀመጠ። አዲስ ጥጥ ነከረች፣ ያዘችው። ሽቦ ቀደደኝ አለ። የምን ሽቦ ብትለው፣ በአቋራጭ ስሮጥ፣ የድሮው አጥር አላት። ይህ ውሸት የለበትም። ጥጡ ሊወርድ ጀመረ። ያን ጊዜ ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ ማርከሩን በጤነኛ እጇ አነሳችና የጓዳውን በር ገፋ አደረገችው። የዛሬው ሁለት ሰው ስለሆነ ከማን እንደምትጀምር ስታስብ ቆየች። ከራሷ ይልቅ እሱን አስቀደመች።

«አባዬ፣ አንተን ምን ብዬ ልጻፍህ? እኔን ለማዳን ሲሮጥ ልበል?»

ጠጋኙ በሩን አየ። አባዬ፣ ክርን፣ ሥር የሚለው በዓይኑ ትይዩ ነበር።

«እንደዚያ አትጻፊ» አለ። «እኔ አልረሳሁም።»

«ምኑን?»

«ፍሬኑን። ስትወጪበት አይቼዋለሁ። አፌ ላይ ነበር። ዝም አልኩ።»

ዘጭ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፈገግታው መሄጃ አጣ። ሚስቱ ጥጡን እንደያዘች ቀረች። ልጅቷ ግን ወደ እሱ ዞራ ለምን አለችው፤ በጣም ቀስ ብላ፣ የሂሳብ ጥያቄ ያልገባት ሰው እንደሚጠይቀው።

«ቀናሁ» አለ ጠጋኙ። «በሱ ቀናሁ። ከሱ ጋር ስትስቂ አላስችል አለኝ። ትደነግጥና ወደ እኔ ትመለሳለች ብዬ ነው።» ጀምሮ ማቆም ስላቃተው ይመስላል፣ «ያም ሥር አልነበረም፤ ክርኔን ማለቴ ነው። ሆን ብዬ ነው የወደቅኩት» አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ብቻውን ወጥ ቤቱን በሳቅ ያፈርሰው ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። ዘጭ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ውሃ ሊጠጣ ወደ ቧንቧው ሄደ፤ በድንጋጤ ሙቁን ከፈተና እጁን አቃጠለ። ሙቁ በቀኝ ነው ያለው ሰው አልነበረም። ነርሷ የባሏን መዳፍ አጠበች፣ አዮዲኑን ደፋችበት፣ ጠቀለለችው። ፋሻውን ከሚገባው በላይ አጠበቀችው። ልጅቷ ማርከሩን ከደነች። በሩ ላይ ምንም ሳትጽፍ ወደ ክፍሏ ገባች።

ሳምንቱ ረዘመ። በቤቱ ውስጥ ሰላምታ አልቀረም፣ ምግብም አልቀረም፤ ልጅቷ ጨው አቀብለኝ ትለዋለች፣ እሱም ያቀብላታል። ከዚያ የሚያልፍ ነገር የለም። ሚስቱ ከሁለት ቀን በኋላ አናገረችው። ወንድሜን ስሰድበው ቆመህ ሰማኸኝ አለችው። ከልጅቷ መውደቅ እኩል ያቆሰላት ይህ መሆኑን ያን ጊዜ አወቀ። በማግስቱ ወደ ዘጭ ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። ዘጭም እሺ አለው፣ ውሃ አቀረበለት፣ ስለ መንገድ ሥራው አወራው። ጋሼ ማለቱንም አልተወም፤ ጠጋኙ ያን ያህል ጨዋ ባይሆንበት ይመርጥ ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከሰዓት ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ብስክሌቷን በአንድ እጇ እየገፋች ወደ አባቷ መጠገኛ ሱቅ መጣች። ጎማ የፈነዳባት መስሎት የካላማዳሪ ማጣበቂያውን አነሳ። ጎማው ግን ደህና ነበር።

«ፍሬኑን እንደ ሌላው ሰው አድርግልኝ» አለችው።

እጁ ማጣበቂያው ላይ ቀረ። ሊከራከር ይችል ነበር፤ እጅሽ ለምዷል፣ እንደገና መልመድ አደገኛ ነው ማለት ይችል ነበር፣ እውነትም ነው። አላለም። ብስክሌቱን መስቀያው ላይ ሰቀለና ቁልፉን አነሳ። በፋሻ በተጠቀለለ እጅ መሥራት ያስቸግራል። የግራውን ገመድ ፈታ፣ የቀኙን ፈታ፣ አቀያየራቸው። ስምንት ዓመት አንድ ቦታ የኖረ ገመድ የራሱን መታጠፊያ ይይዛል፤ አዲሱ ቦታ ላይ አልተኛም ብሎ ተከራከረው። እሱም በአዲስ ገመድ ተካቸው። ልጅቷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ከእጁ ላይ አንድ ጊዜም ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ድሮም እንዲህ ታየው ነበር። ያኔ የምታየው ልትማር ነው፤ አሁን ግን እንዳያታልላት እየጠበቀችው ነው። ይህ ልዩነት ገባውና እንባው መጣ፤ ወደ ብሎኖቹ አጎነበሰ።

ሲጨርስ ወርዳ ሁለቱንም እጀታ በተራ እየጨመቀች የትኛው ጎማ እንደሚያዝ አየች። ሁለት ጊዜ አየች። ብስክሌቷን ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ፣ እማዬም የእሷን ይዛ ትመጣለች አለችው።

ኮረብታው ላይ የወጡት ከሦስት ቅዳሜ በኋላ ነው፣ አንጓዋ ሲድን። አራቱም ወጡ። ዘጭ አዲሱን ብስክሌት ይዞ ቀድሞ ወረደና መጀመሪያው እጥፋት ላይ ቆሞ ነይ አላት። ነርሷም ከሱ ቀጥላ ወረደች። ልጅቷ ግን ኮርቻዋ ላይ ወጥታ አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ ቀረች። ጠጋኙ የፈራች መሰለውና ተዪው ዛሬ፣ በእግራችን እንውረድ ሊላት አሰበ። ልጅቷ አንገቷን አዙራ አየችው። አገጯ ላይ ቀጭን መስመር አለ። የፈራ ሰው አስተያየት አልነበረም። የሆነ ነገር እንዲሰጣት የምትጠብቅ ትመስላለች፣ እሱ ዘንድ ያለ ነገር።

ትንሽ ቆይቶ ገባው።

«ግራው የፊት ነው» አላት።

«ድገመው።»

«ግራው የፊት ነው፣ ቀኙ የኋላ።»

እሺ ብላ ወረደች፣ በዘጭ ዱካ ላይ። ጠጋኙ ግራው የኋላ የሆነውን ብቸኛ ብስክሌት ይዞ ከሁሉም ኋላ ተከተለ። ሁለተኛው እጥፋት ላይ ዘጭ፣ ምንም በሌለበት፣ ዘጭ አለ፤ የልጅቷ ሳቅ ኮረብታውን ሞላው። ጠጋኙን ሳቁ አሁንም ውስጡን ቆረጠው፤ ቅናቱ አልለቀቀውም ነበር። ፍሬኑን ይዞ ዘጭ አጠገብ ቆመና ሊያነሳው እጁን ዘረጋለት፤ ግራውን ነበር የዘረጋው፣ አልቀየረውም።